ወገባችሁን ታማችሁ ወደ ጂም ለምትመለሱ፦ የመጥረጊያ እንጨት ተጠቀሙ

ከወገብ ጉዳት በኋላ ሐኪም "ስፖርት ጀምር" ሲል አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስለሚያነሳው ብረት ክብደት ነው። ዋናው ችግር ግን አጎነባበሳችን ነው፤ ብረት ልናነሳ ጎንበስ ስንል ወገባችን ይጎብጣል፣ ለራሳችን ግን አይታወቀንም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመጥረጊያ እንጨት በጀርባችሁ ላይ በቁመት ያዙ፤ አንዱ እጃችሁ ከአንገት ኋላ፣ ሌላው ከወገብ ኋላ ይያዘው። እንጨቱ ሦስት ቦታ መንካት አለበት፦ የጭንቅላት ጀርባ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሃል እና ከመቀመጫ በላይ ያለው አጥንት። ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉና፣ እጁ በዕቃ የተያዘ ሰው የመኪና በር በመቀመጫው ገፍቶ እንደሚዘጋው፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ እየገፋችሁ ጎንበስ በሉ። ከሦስቱ አንዱ ከእንጨቱ ሲለቅ እዚያው ቁሙ። ለጊዜው ገደባችሁ ያ ነው። ብረቱንም ከመሬት ሳይሆን በዚያው ልክ ከፍ ካለ ሳጥን ላይ አንሱት። ጫናው ከወገብ ይልቅ ወደ ዳሌና ወደ ጭን ጡንቻዎች ስለሚሄድ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል።

ከአልጋ እንደተነሳችሁ ግን አትሞክሩት፤ የአከርካሪ ዲስኮች ሌሊት ፈሳሽ ስለሚስቡ ጠዋት ወገብ ግትር ይላል።

ገንዳ ስትገቡ በጀርባ መዋኘት ይሻላል። የእንቁራሪት ዋና ለመተንፈስ ቀና ባላችሁ ቁጥር ወገባችሁን ወደ ኋላ ስለሚያጥፈው ይቆያችሁ።

ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ወይም እግራችሁ ከደነዘዘ አቁማችሁ ሐኪም አማክሩ። ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።