የግቢ በር ዝገት እንዳይበላው፦ የአንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አቀባብ ለደሴና ለኮምቦልቻ አየር

ደሴ ላይ ብረት መቀባትና ኮምቦልቻ ላይ መቀባት አንድ አይደለም። በመሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከፍታው ግን ሌላ ነገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ጦሳ ተራራ ስር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ዝቅ ትላለች። በመሃል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ስትወርዱ ጃኬት የምታወልቁት ለዚህ ነው። ብረትም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ደሴ ላይ ጠላቱ ጤዛና ጉም ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ የቀለም ችግር የጋለ ላሜራ ነው።

ስለዚህ በያጁ «አንቲረስት ቀብቼዋለሁ፣ አታስቡ» ሲላችሁ አትሸኙት። ምን ላይ ቀባው? በስንት ሰዓት ቀባው? ዝገትን የሚከላከለው ቀለሙ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው። ዱቄቱ የሚሠራው ደግሞ ንጹህና ደረቅ ብረት ሲነካ ብቻ ነው።

ጋሎኑ ውስጥ ምን አለ?

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን አብረው ሲያገኙት ነው። ጨው ከተጨመረበት ይብሳል። ቀለም ከደረቀ በኋላም ውሃን ጨርሶ አያግድም፤ በጥቂት በጥቂቱ ያሳልፋል። አንቲረስት ውስጥ ባለሙያዎች ፒግመንት የሚሉት ዱቄት የሚገባው ለዚህ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ሥራውም ይለያያል።

መጀመሪያ ቀዩን እንይ። አብዛኛው ርካሽ አንቲረስት ቀይ ቡናማ የሚሆነው በብረት ኦክሳይድ ነው። ይህ ዱቄት ቀለሙ ብረቱን እንዲሸፍን ያደርጋል፣ ከፀሐይ ይከላከልለታል፣ ውሃውንም ትንሽ ያዘገየዋል። ብቻውን ግን ዝገትን አያቆምም። «ቀይ ስለሆነ አንቲረስት ነው» ማለት አይቻልም። ጋሎኑን አዙራችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ዚንክ ፎስፌት የሚል ካለ ያን ውሰዱ። ዚንክ ፎስፌት ቀለሙን አልፎ የገባው እርጥበት ውስጥ በጣም ጥቂት ይሟሟና ብረቱ ላይ ስስ መከላከያ ይሠራል። ነጭ ዱቄት ስለሆነ ቀይም ግራጫም ቀለም ውስጥ ሊኖር ይችላል። የዋጋ ልዩነት ቢኖረውም እኔ ለቤት በር ከዚህ ሌላ አልመርጥም።

የአሉሚኒየም ቅንጣት ያለበት ቀለም ሥራው ሌላ ነው። ቅንጣቶቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ስለሚተኙ ውሃው ዞሮ ዞሮ ነው ብረቱ ጋ የሚደርሰው። ይህ ለላይኛው ንብርብር ጥሩ ነው።

በዚንክ ብናኝ የተሞላው ቀለም ከሁሉም ይጠነክራል። ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ራሱ ይበላል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ዚንኩ ከራቁት ብረት ጋር ሲነካካ ነው። አሮጌ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከተቀባ ገንዘባችሁን ጣላችሁ ማለት ነው። በስፕሬይ የሚሸጠው ብርማ ቀለም ሁሉ ደግሞ ዚንክ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስባችሁ። የድሮ በር ላይ ያለው ብርቱካንማ ቀይ ቀለም እርሳስ ያለበት ሊሆን ይችላል። ቢጫው ደግሞ ዚንክ ክሮሜት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ካንሰር አምጪ ነው። ዛሬ በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ አለ። የድሮው በር ግን ከደንቡ በፊት የተቀባ ነው። እንዲህ ያለውን በደረቁ አትፈግፍጉት፣ በእሳትም አታቃጥሉት። እያረጠባችሁ ፋቁት፣ ፍቅፋቂውን በላስቲክ ላይ ሰብስቡ፣ ልጆችን አርቁ። አቧራው ነው ልጅ የሚጎዳው።

ጊዜ መምረጥ

ወሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ያያል። ክረምቱ አለ፤ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በልግ ይመጣል። ለውጭ ብረት ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል። ሌሊት ላሜራው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ከአየሩ በታች ስለሚቀዘቅዝ መሬቱ ደረቅ ሆኖ በሩ ጤዛ ያወጣል። በዓይን የማይታይ ስስ ጤዛም አለ፤ ቀለም አላቆ የሚያነሳው እሱ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። በእርጥብ ጨርቅ አንድ ቦታ በስሱ አብሱ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከደረቀ መቀባት ይቻላል። ካልደረቀ ጠብቁ። ደሴ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አልጀምርም፤ ከ9 ሰዓት በኋላም አልቀባም፣ ቀለሙ ጉምና ብርድ ከመምጣቱ በፊት መያዝ አለበትና። ኮምቦልቻ ላይ ተቃራኒው ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው ላሜራ እጅ ያቃጥላል። ቀለሙ ሳይተኛ ይደርቅና የብሩሽ መስመር ይተዋል፣ አንዳንዴም ይኳርፋል። ጤዛው እንደነጠፈ ጀምሩ፣ ፀሐይ ሳይከር ጨርሱ፤ ወይም ጥላ ውስጥ አስገቡት።

ዋናው ሥራ፦ ማጽዳት

ሙሉ ቀን ካላችሁ ሦስት አራተኛውን እዚህ ላይ አጥፉት። የሚበየድ ነገር ካለ አስቀድማችሁ አስጨርሱ፤ ከቀለም በኋላ የሚመጣ ብየዳ ቀለሙን በዙሪያው ያቃጥለዋል።

መጀመሪያ የሚወጣው ዘይት ነው። አዲስ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) እና አንጎላሬ (የኤል ቅርጽ ያለው ብረት) ሲገዛ ዘይት ይኖረዋል። ብዙ ሰው በቀጥታ በሽቦ ብሩሽ ይጀምራል፤ ብሩሹ ዘይቱን ይዞ ወደ ንጹሁ ቦታ ያዳርሰዋል። በኦሞና በሞቀ ውሃ እጠቡ፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ከዚያ በቲነር በተነከረ ነጭ ጨርቅ አብሱ። ጨርቁ እስኪነጣ ድረስ ጨርቅ እየቀየራችሁ ቀጥሉ። ብረቱ በጅቡቲ ወደብ ሜዳ ላይ ከርሞ የመጣ ከሆነ የባሕር ጨው ሊኖርበት ስለሚችል እጥበቱን አትዝለሉት። ጨውን ቲነር አያነሳውም፤ የሚያነሳው ውሃ ነው።

አሁን ዝገቱ። የሚላቀቀውን በመፋቂያ ወይም በድሮ ቢላ አንሱ። ቀጥሎ የሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። የሽቦ ብሩሽ በተለይ ግራይንደር ላይ ሲገጠም ዝገቱን ከማንሳት ይልቅ ያለሰልሰዋል። ጥቁር ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ብረት ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። በምስማር ጫፍ ጫር አድርጉት። ቡናማ ዱቄት ከወጣ ገና ዝገት ነው፤ ነጭ ብሩህ መስመር ከታየ ብረቱ ጋ ደርሳችኋል። በዚህ ጊዜ ብሩሹን አስቀምጡና 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ወይም ለግራይንደር የሚሆን የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ አምጡ። እሱ ይቆርጣል፤ ለቀለሙ መያዣ የሚሆን ጭረትም ይተዋል። ወፍራሙን የመሞረጃ ድንጋይ ግን በላሜራ በር ላይ አታሳዩኝ፤ ብረቱን ያሳሳዋል።

አዲስ ወፍራም ብረት ላይ ሰማያዊ ጥቁር ሽፋን ታያላችሁ። ከፋብሪካ በግለት ሲዳመጥ የያዘው ቅርፊት ነው። ጠንካራና ንጹህ ስለሚመስል ሰው ይተወዋል። ግን ውሎ አድሮ ይሰነጠቅና ከነቀለሙ ይነሳል። የሚነሳውን ያህል አንሱት።

ከሁሉ የከፋው የበሩ የታችኛው ክፍል ነው። ጭቃ የሚረጨው እዚያ ነው፣ ውሃ የሚተኛውም እዚያ ነው። ቱቦላሬው ከታች ሙሉ በሙሉ ከተዘጋና ከላይ ቀዳዳ ካለው ውሃ ውስጡ ይጠራቀማል፤ ዝገቱ ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ምንም ብትቀቡ አይረዳም። የላይኛውን ቀዳዳ ዝጉ፣ ከታች በ6 ወይም በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ማንጠፊያ ቀዳዳ አውጡ። ማጠፊያውና የብየዳ መገጣጠሚያው ስርም እንዲሁ እጅ የማይደርስበት ዝገት አለ። ለዚያ የዝገት መቀየሪያ ፈሳሽ ይጠቅማል፤ ስስ ዝገትን ወደ ጥቁር ሽፋን ይለውጠዋል። እየተቀረፈ ያለ ዝገት ላይ ግን አትድከሙ።

የብየዳውን ፍንጣሪና ቅርፊት በመዶሻና በሞረድ አስለቅቁ። ስል ጠርዞችንም በሞረድ ትንሽ አደብዝዙ፤ እርጥብ ቀለም ከስል ጠርዝ ይሸሻል፣ ዝገትም የሚጀምረው እዚያ ነው። በመጨረሻ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አንሱ። የጸዳ ብረት አይደርም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ደረቅ ሰዓት የመጀመሪያውን አንቲረስት መያዝ አለበት። ደሴ ላይ ማታ ጸድቶ ያደረ ብረት ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ነው የሚገኘው። ጊዜ ከሌላችሁ በሩን በከፊል እያጸዳችሁ በከፊል ቀቡት።

ማማሰል

ፒግመንቱ ከባድ ነው። ሱቅ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጋሎን ውስጥ ዱቄቱ ታች ሄዶ ጭቃ ሆኗል። ከላይ ከላይ ጠልቃችሁ ከቀባችሁ ብረቱ ላይ የሚደርሰው ዘይትና ቲነር ብቻ ነው፤ የገዛችሁት መከላከያ ጋሎኑ ሥር ይቀራል። ላይኛውን ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሌላ ጣሳ ገልብጡ። በጠፍጣፋ እንጨት ሥሩን እየፋቃችሁ አሽሹ፣ ከዚያ የገለበጣችሁትን በጥቂት በጥቂቱ መልሱ። እንጨቱ ሥር ሲነካ ምንም የሚያጣብቅ ነገር ካልያዘ በቅቷል። እየቀባችሁም በየመሃሉ አማስሉ።

ቤንዚን አትጨምሩ። ብዙ ቀቢ «ቶሎ ይደርቃል» ብሎ ያደርገዋል፤ እሳት ነው፣ ቀለሙንም ያበላሸዋል። አምራቹ የጻፈውን ቲነር ወይም አኳራጅ (ሌላ የቀለም ማቅጠኛ) በጻፈው ልክ ተጠቀሙ። አንድ ሊትር አንቲረስት በብሩሽ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 15 ካሬ ሜትር ካዳረሰላችሁ አቅጥናችሁታል ማለት ነው።

መቀባት

መጀመሪያ ጠርዞችን፣ የብየዳ መስመሮችንና ማዕዘኖችን ብቻ በብሩሽ ቀቡ። ከዚያ መላውን። የመጀመሪያውን ዙር በብሩሽ እመርጣለሁ፤ ብሩሽ ቀለሙን ዝገት ወደቦረቦራቸው ጉድጓዶች ይገፋዋል። ኮምፕሬሰር ያምራል፣ ይፈጥናል። ነገር ግን እንዲረጭ ተብሎ ስለሚቀጥን አቧራና ዘይት ላይ ቆንጆ ሆኖ ተኝቶ ከርሞ ይነሳል። ሠፈራችን ውስጥ በነሐሴ ጠዋት በኮምፕሬሰር የተረጨ በር ነበር። በዓመቱ ቀለሙ በጥፍር ሲነካ እንደ ላስቲክ እየተላጠ ይወርድ ነበር፤ ከሥሩ እርጥበትና ዝገት ብቻ።

ሁለት ዙር አንቲረስት፣ ከላዩ ሁለት ዙር ሲንተቲክ የዘይት ቀለም። በየመሃሉ አንድ ሌሊት። ደሴ ብርድ ላይ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ጥፍር ከሰረጎደበት አልደረቀም። ሁለተኛውን አንቲረስት በሌላ ቀለም ማድረግ፣ ለምሳሌ ቀይ ላይ ግራጫ፣ ያመለጠ ቦታ እንዳይኖር ይረዳል። አንቲረስት ብቻውን ክረምት አይለፍበት። ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይም ያዱቄተዋል። ባለቤቱ «ገንዘብ ሲገኝ ይቀባል» ያለው በር ሁሉ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

አዲስ ነጭ ቆርቆሮ ላይ ግን የዘይት አንቲረስት አትቀቡ። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዘይቱ ከዚንኩ ጋር ይዋሃድና ቀለሙ ይላጣል። ለቆርቆሮ ተብሎ የተሠራ ቀለም ጠይቁ።

ከክረምቱ በኋላ

መስከረም ላይ የበሩን ታች፣ ማጠፊያውንና የብየዳ ስፌቱን ዞራችሁ እዩ። ነጥብ ዝገት ካገኛችሁ በዙሪያው ያለውን ቀለም ሁለት ጣት ያህል አብራችሁ ፈግፍጉ፣ አሮጌው ቀለም ከብረቱ ጋር እስኪስተካከል ጠርዙን አሳሱ፣ ጥቅምት ላይ በዚያው አንቲረስት ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጉ። ለዚህ የሚሆን ሩብ ሊትር ከመጀመሪያው አስቀሩ፤ በትንሽ ጣሳ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክዳኑን በመዶሻ ግጠሙት። አየር የበዛበት ጣሳ ውስጥ ቀለሙ ቆዳ ያወጣል።