ጠፋ ያላችሁት ካልኩሌተር

ሰኞ ገበያ ሲውል ደሴ ያለችው ጠባብ ሱቄ አሮጌ ካልኩሌተር አታጣም፤ ወይ ከእህል ነጋዴ ኪስ፣ ወይ ከአባት ሣጥን የወጣ። «ስክሪኑ ባዶ ሆነ» ይሉኛል። ባዶ መሆኑ አያናድደኝም፤ እኔ ጋ ሳይደርስ የተሠራበት ነው የሚያናድደኝ።

አዳፕተር! ከ3 እስከ 12 ቮልት የሚመረጥበትን ርካሽ አዳፕተር ይሰኩና «ጫፉ ልክክ ብሎ ገባ እኮ» ይሉኛል። ልክክ ማለቱ ምን ይፈይዳል? የአንዱ መሃል ፖዘቲቭ ነው፣ የሌላው ኔጋቲቭ። ብዙ ጊዜ ከመሰኪያው አጠገብ በትንሽ ክብ ተሥሏል፤ ግን ማን አይቶት! ደግሞ 6 ላይ ያደረጋችሁትን በቴስተር ለኩት፤ ሥራ ሳይጫንበት 9 ሊያሳያችሁ ይችላል። የ1972ቱ ኤችፒ 35 ካልኩሌተር ጭራሽ ባትሪው ሳይኖር በቻርጀር ብቻ ከተከፈተ ውስጡ ሊቃጠል ይችላል።

እውነቱን ልናገርና እኔም አቃጥያለሁ። አንድ ሐጂ ከጅዳ ያመጧትን አረንጓዴ የምታበራ ካሲዮ ገልብጬ ሰካሁና ጭስ ሸተተኝ። ምንም አላሉኝም፤ እርሳስ አወጡና ካርቶን ቁራጭ ላይ ሂሳባቸውን ደመሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የስክሪኑን ዓይነት ሳያዩ ካቻቢቴ ማንሳትም አለ። ቀይ ቁጥር፣ አረንጓዴ ቁጥርና ግራጫ ስክሪን በሽታቸው አንድ አይደለም። አረንጓዴውን ጨለማ ውስጥ እዩት። እንደ ፀጉር የቀጠኑት ሽቦዎች ደብዘዝ ብለው ከቀሉ ቁጥሩን የሚያበራው የመስታወት ቱቦ ነፍስ አለው፤ የጎደለው ከድንጋዩ በላይ ከፍ ተደርጎ የሚመጣለት፣ ከ20 የሚያልፈው ቮልት ነው። የደረቀ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ እቃ) ፈልጉ። ግራጫው ሥር ያለችውን፣ ስክሪኑን ከሰርኪዩቱ የምታገናኘውን ጎማ በቤንዚን አትጠቡ፤ አልኮል ይበቃታል።

ድንጋይ የፈሰሰበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ ሽፋኑ ይነሳል። «አሲድ» ትሉታላችሁ እንጂ የአልካላይን ድንጋይ ፍሳሽ አሲድ አይደለም፤ አቼቶ የነካ ጥጥ የሚያነሳውም ለዚህ ነው። ከዚያ በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁት። ከድንጋዩ ቤት የሚወጣው ሽቦ ላዩ ደህና ቢመስልም ውስጡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

አዲስ የተገዛ ድንጋይ ሙሉ ነው ብላችሁ አትመኑ፣ ለኩት።

«ስክሪኑን ያጠፋው የደሴ ብርድ ነው» ለምትሉ፦ አይደለም።

ባለፈው አንድ ተማሪ ከኮምቦልቻ ግራጫ ስክሪን ያላት ይዞ መጣ። የፊቱን ስስ ሽፋን መከላከያ ላስቲክ መስሎት ልጦታል፤ የቀረው ባዶ መስታወት ነው። ልክ እንደተላጠው ሽፋን ብርሃን የሚያጣራውን ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽሬን አድርጌ ዘንበል ሳደርጋት ቁጥሮቹ ቁጭ ብለዋል። መነጽሩን ሰጠሁት። 7 በ8 አባዛ፣ 56 አየ።

«ከነመነጽሩ ስንት ይሉኛል?» አለኝ።