የሁለት ጎረቤት ከተሞችን የጋራ ታሪክ እንዴት እንጻፍ? ኑረምበርግና ፊርት ከጅማ ሲታዩ

ጅማ ውስጥ ስለ ጎረቤት ከተሞች ታሪክ ለመጻፍ የሚነሡ ተማሪዎችና አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን የተለጠፈበትን ጽሑፍ ነው። በአንዱ ገጽ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መቀመጫ እንደ ነበረች ይነገራል፣ በሌላው ሂርማታ በሐሙስ ገበያዋ የታወቀች እንደ ነበረች ይተረካል፤ ከሂርማታ ገበያ ወደ ጅሬን ኮረብታ ማን ምን ይዞ ይወጣ እንደ ነበር ግን ሳይጻፍ ይቀራል። የጋራ ታሪክ የሚባለው ደግሞ ይኸው በመካከል የሚመላለሰው ነገር ነው። አሠራሩን ለማሳየት በጀርመን አገር፣ በባቫሪያ ክልል የሚገኙትን ኑረምበርግንና ፊርትን መርጫለሁ። ሁለቱ ዛሬ ድንበራቸው ተገናኝቶ አንድ ከተማ ይመስላሉ፤ በተጨማሪም በባዕድ አገር ምሳሌ መለማመድ የማንንም አያት ስለማያስቀይም ለጀማሪ ይመቻል።

ሥራውን ከነገሥታት ሳይሆን ከመሬቱ ይጀምሩ። ካርታ ዘርግተው ወንዙ ከየት ወደ የት እንደሚፈስና መንገዱ የት ላይ እንደሚሻገረው ይመልከቱ። የፊርት ስም እኛ «መልካ» የምንለውን የወንዝ መሻገሪያ ያመለክታል፤ ፔግኒትስ የተባለው ወንዝ ኑረምበርግን አቋርጦ ከመጣ በኋላ ፊርት ላይ ከሬድኒትስ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ የሁለቱ ግንኙነት ከማንኛውም ውል በፊት በውኃና በመሻገሪያ የተጻፈ ነው።

ቀጥሎ የእያንዳንዳቸው ስም በሰነድ የተጠቀሰበትን የመጀመሪያ ዓመት ይመዝግቡ፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ አይቆዩ። ፊርት በ1007፣ ኑረምበርግ በ1050 ተጠቅሰዋል። ትንሿ ከተማ በሰነድ ትቀድማለች ማለት ነው፤ ይሁንና በሰነድ መጠቀስ መቆርቆር አይደለምና «የቱ ይበልጣል» ወደሚል ክርክር መግባት ጊዜ ማባከን ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ማን ያስተዳድራቸው ነበር የሚለው ነው። ኑረምበርግ እስከ 1806 ድረስ ተጠሪነቷ ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የሆነ ራስ ገዝ ከተማ ነበረች። ፊርት ግን ለረጅም ዘመን ሦስት ጌቶች ይሻሙባት ነበር፤ እነሱም የባምበርግ ካቴድራል አለቃ፣ የአንስባኽ መስፍንና ራሷ ኑረምበርግ ናቸው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ አንደኛዋ ከተማ ያባረረችውን ሌላኛዋ ተቀብላዋለች ወይ? ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ እንዲጠይቁ እመክራለሁ፤ የጎረቤታሞች እውነተኛ ማንነት ከበዓላቸው ይልቅ በዚህ ይገለጣልና። ኑረምበርግ በ1499 አይሁድ ነዋሪዎቿን አስወጣች። ፊርት ውስጥ ደግሞ ከ1528 ጀምሮ አይሁዶች እንዲሰፍሩ ተፈቀደላቸው፤ ነገሩ ደግነት ብቻ አልነበረም፣ ጌቶቹ ግብር ከፋይ ይፈልጉ ነበር፣ የሦስቱ ፉክክርም ለሰፋሪው ፋታ ሰጠው። ከጊዜ በኋላ ፊርት የዕብራይስጥ መጻሕፍት የሚታተሙባት፣ በደቡብ ጀርመን ከታወቁት የአይሁድ ማዕከላት አንዷ ሆነች፤ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከነዋሪዋ አምስተኛው ያህል አይሁዳዊ ነበር። የፊርት አይሁዳዊ ነጋዴ ቀረጥ ከፍሎ ቀን ኑረምበርግ ገብቶ ሊነግድ ይችል ነበር፤ ማደር ግን አይፈቀድለትም። ይህ እስከ 1850 አካባቢ የቆየ የመኖሪያ ክልከላ ሁለቱን ከተሞች የለያያቸው ቢመስልም፣ በየማለዳው ወደ ኑረምበርግ በየማታው ወደ ፊርት የሚመላለስ ሰው በመፍጠሩ አስተሳስሯቸዋል። ጽሑፍዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ተቃርኖ ሲያገኙ አለስልሰው አይለፉት፤ እዚያ ላይ ይቁሙ።

ከዚያ መንገዱን ይከተሉ። ከኑረምበርግ ፊርት የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ያቀዱ ሰዎች ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰውን መንገደኛና ጋሪ አስቆጥረው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ባለአክሲዮን የፈለጉት። በባቫሪያው ንጉሥ በሉድቪግ ቀዳማዊ ስም የተሰየመውና 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መስመር ዲሴምበር 7 ቀን 1835 ተከፈተ፤ በጀርመን ምድር በእንፋሎት ሞተር የተጎተተ የመጀመሪያው የሕዝብ ባቡርም ይኸው ሆነ። «አድለር» ማለትም ንስር የተባለው ሞተር እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ በስቲቨንሰን ፋብሪካ ተሠርቶ፣ ተፈታቶ በሣጥን የመጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ነጂም ዊልያም ዊልሰን የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ድንጋይ ከሰል ከሩቅ ስለሚመጣና ስለሚወደድ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛውን ጉዞ የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። በ1836 ባቡሩ የጫነው የመጀመሪያ ዕቃ ደግሞ ሁለት በርሜል ቢራ ነው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ዝርዝሮችን አይናቁ፤ ስለ ዘመናዊነት ከሚጻፍ ረጅም አንቀጽ ይልቅ ፈረሱና በርሜሉ ይበልጥ ያስረዳሉ።

ግንኙነት ስምምነት ብቻ አይደለምና እምቢታንም ይፈልጉ። በ1922 ፊርት ከኑረምበርግ ጋር ትቀላቀል የሚለው ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ የፊርት ነዋሪዎች አንቀበልም አሉ። በዚያው ዓመት የድሮው ሐዲድ አገልግሎት ቆመ። ሁለቱ በአንድ ዓመት ስለ ገጠሙ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ብሎ መጻፍ ግን የተለመደ ስሕተት ነው፤ ማስረጃ ካልተገኘ ጎን ለጎን አስቀምጦ መተው ይሻላል። ፉክክሩ በእግር ኳስም ታይቷል። በ1924 አምስተርዳም ላይ ኔዘርላንድስን የገጠመው የጀርመን ብሔራዊ ቡድን ከሁለቱ ከተሞች ክለቦች ብቻ የተውጣጣ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ለአንድ አገር ሊሰለፉ በአንድ ባቡር ቢሄዱም በየክለባቸው ተለይተው በተለያየ ፉርጎ ተሳፈሩ። ከ1982 ወዲህ ግን የኑረምበርግ የምድር ውስጥ ባቡር፣ በከፊል የጥንቱን ሐዲድ መስመር ተከትሎ፣ ፊርት ይደርሳል።

የሚያሳፍረውን ጊዜ መዝለል አይገባም። በ1935 የሐዲዱ መቶኛ ዓመት ሲከበር የአድለር አምሳያ ተሠርቶ ለሕዝብ ታየ፤ በዚያው ዓመት አይሁዶችን ከዜግነት መብት ያወጡት ሕጎች ኑረምበርግ ላይ ታወጁ። በ1923 ፊርት ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደውና በኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሄንሪ ኪሲንጀር በ1938 ከወላጆቹ ጋር አገሩን ለቆ ወጣ። የኛም ጸሐፊ ሂርማታ ላይ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይሸጥ እንደ ነበር ጽፎ፣ ሰውም ይሸጥ እንደ ነበር ቢያስቀር ሥራው ጎደሎ ነው።

በዘመን አቆጣጠር በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እዚህ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሙሉ ቀኑ ሲታወቅ መለወጥ ይቻላል፤ ለምሳሌ ባቡሩ የተከፈተው ኅዳር 28 ቀን 1828 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ ብቻ ሲታወቅ ግን 1922 በእኛ አቆጣጠር 1914 ወይም 1915 ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይለውጡ አቆጣጠሩን ገልጾ መተው ትክክለኛው መንገድ ነው።

ይህን ከተለማመዱ በኋላ ወደ ጅማ ይመለሱ። ሐሙስ ጠዋት ገበያው ዳር ቆመው ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ የሚያልፈውን እግረኛ፣ ባጃጅና የጭነት እንስሳ ለአንድ ሰዓት ይቁጠሩ፤ ከዚያ በዕድሜ የገፉ ሰው ፈልገው ይጠጉ። «አባባ፣ ድሮ እንዴት ነበር?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት ምርቃትና የዘመን ወቀሳ ነው። «አባባ፣ በልጅነትዎ ከዚህ ወደ ጅሬን ሲወጡ ምን ተሸክመው ነበር? ሲመለሱስ?» ብለው ይጠይቁና የሚሉትን በራሳቸው ቃል ይጻፉ።