ዕቅዱ ለማን ነው የተጻፈው? የክፍል ውስጥ ችግሮች፣ ምክንያታቸውና መፍትሄያቸው

ትምህርት አልሄድ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ተማሪው ነው። "አያጠናም"፣ "ልቡ እዚህ የለም"፣ "መሠረት የለውም" ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ስንጥቁ ያለው እኛ መምህራን የምናዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ላይ ነው። ዕቅዱ ደግሞ በእጃችን ነው፤ ማታ ቁጭ ብለን ልንቀይረው እንችላለን። ከታች ያሉትን ምልክቶች ከየክፍላችሁ ጋር እያስተያያችሁ አንብቡ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይያዝልኝ፦ ለደከመው ተማሪ ግቡን ዝቅ አታድርጉበት። ግቡ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ መድረሻ መንገዱ ይለያይ።

ግማሹ ጨርሷል፣ ግማሹ ገና አልጀመረም

የክፍል ሥራ ሰጥታችሁ ብዙም ሳትቆዩ አንዳንዶቹ "ጨረስን" ይላሉ። ሌላው ደብተሩን ገልጦ ባዶውን ገጽ ያያል። እናንተ መሃል ቆማችሁ ወዴት እንደምትሄዱ ግራ ይገባችኋል።

ምክንያቱ፦ ዕቅዱ "ለመካከለኛ ተማሪ" ተጽፏል። ያ ተማሪ ግን የትኛውም ወንበር ላይ የለም። "ባለፈው ዓመት ተምረውታል" ብለን እንጀምራለን። ተምረውታል ማለት ግን ያውቁታል ማለት አይደለም።

መፍትሄው፦ አዲስ ርዕስ ከመጀመራችሁ አንድ ቀን በፊት ሦስት አጭር ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ስጡ። ማርክ እንደማይያዝበት ንገሯቸው፣ የምርም አትያዙበት። ክፍልፋይ መደመር ልታስተምሩ ነው እንበል። አንደኛ፦ ከ1/2 እና ከ1/3 የቱ ይበልጣል? ለምን? ሁለተኛ፦ ከ1/2 ጋር እኩል የሆነ ሌላ ክፍልፋይ ጻፉ። ሦስተኛ፦ 1/2 + 1/3 ስንት ነው?

ሦስተኛው ላይ 2/5 የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረውት ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሁለት ልጆች ይህንኑ መልስ ጽፈው ችግራቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል። አንደኛዋ በመጀመሪያው ጥያቄ 1/2 እንደሚበልጥ በትክክል ጽፋለች። ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ገብቷታል፤ የሙሉ ቁጥር አደማመር ልማድ ነው ያሳሳታት። እሷን "2/5 ከ1/2 ያንሳል ወይስ ይበልጣል?" ብላችሁ ብትጠይቋት ይበቃታል። ደምራ ከጀመረችበት ያነሰ እንዳገኘች ስታይ ራሷ ትደነግጣለች። ሁለተኛው ደግሞ "1/3 ይበልጣል፣ ምክንያቱም 3 ከ2 ይበልጣል" ብሎ ጽፏል። ለዚህ ልጅ ስለ ታህት ማመሳሰል ብትነግሩት የሚሸመድደው አንድ ሕግ ጨመራችሁለት እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። እሱ የሚያስፈልገው እኩል የሆኑ ሁለት የወረቀት ቁራጮች ናቸው። አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለሦስት አጥፎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው። ከዚያ ሁለቱንም ለስድስት እንዲያጥፋቸው አድርጉ፤ ግማሹ ሦስት ክፍል፣ ሲሶው ሁለት ክፍል ሆኖ በዓይኑ ይታየዋል። 5/6 ከዚያ ይመጣል።

ቶሎ የጨረሱትን አትርሱ። ተመሳሳይ ሃያ ጥያቄ መጨመር ግን መቅጣት ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ቀስ ብለው መሥራት ይጀምራሉ። "ድምራቸው 5/6 የሚሆን ሌላ ጥንድ ፈልጉ። ስንት ጥንድ ይገኛል? እንዴት አወቃችሁ?" በሏቸው። ማለቂያ እንደሌለው እስኪደርሱበት ድረስ ጠለቅ ብለው ያስባሉ፤ የሚሠሩትም ያንኑ የዕለቱን ርዕስ ነው።

"ገባችሁ?" "አዎ!" ፈተናው ላይ ግን ባዶ

"ገባችሁ?" የሚለው ጥያቄ ምንም አይለካም። ያልገባው ልጅ በጓደኞቹ ፊት "አልገባኝም" ማለት ይከብደዋል። መምህርን መድፈር የሚመስለውም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ከልቡ የገባው መስሎታል። እጅ የሚያወጡት ሁሌም እነዚያው አራት ልጆች ከሆኑ፣ ዕቅዱ እየተራመደ ያለው በእነሱ ፍጥነት ነው።

መፍትሄው ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ጥያቄውን ጠይቁ፣ ሁሉም በወረቀት ይጻፍ፣ "አሳዩኝ" ስትሉ ከፍ ያድርግ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ የክፍሉን ሁኔታ ታያላችሁ። ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ዝም በሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየችው መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነበር። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። በሌላ ቋንቋ አስቦ ወደ ትምህርቱ ቋንቋ ለሚመልስ ልጅ እነዚያ ሰከንዶች ትልቅ ነገር ናቸው። ዕቅዳችሁ ላይ ከጥያቄው ጎን "ጠብቅ" ብላችሁ ጻፉ።

ሲጫወት ቋንቋውን ያንበለብለዋል፣ የጽሑፍ ጥያቄ ሲያይ ይዘጋል

ቤቱ በሌላ ቋንቋ የሚናገረውን ይህን ልጅ ብዙዎች ሰነፍ ይሉታል፤ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። የጨዋታ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ አንድ አይደሉም። በካናዳ የሠሩት ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለቱን ለይተው አስቀምጠዋል። በእሳቸው ጥናት መሠረት በአዲስ ቋንቋ መግባባት ሁለት ዓመት ገደማ ሲፈጅ፣ በትምህርት ቋንቋ ከእኩዮች ጋር መስተካከል ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊወስድ ይችላል።

መጀመሪያ ችግሩ ቋንቋው ይሁን ትምህርቱ ለዩ። ያንኑ ጥያቄ በሥዕል ወይም በቁጥር ብቻ ስጡት። ከሠራው ትምህርቱን ያውቀዋል፤ ያገደው ጽሑፉ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ ለዕለቱ የግድ የሆኑ አምስት ወይም ስድስት ቃላት ምረጡ፣ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይቆዩ፣ በየመሃሉ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሯቸው። "ይለያያል"፣ "ምክንያቱም"፣ "በንጽጽር" የሚሉትም ይካተቱ፤ ልጆችን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሏቸው እንዲህ ያሉ ቃላት ናቸው። ቋንቋውን የሚጋራ ጓደኛ ካለው በመጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ ይወያዩ፣ ከዚያ በትምህርቱ ቋንቋ ይጻፉ።

ምሳሌው ራሱ ሌላ ትምህርት ሆነ

"ሊፍቱ ከ7ኛ ፎቅ ተነስቶ 4 ፎቅ ወረደ" የሚል ጥያቄ አለ እንበል። ሊፍት አይቶ የማያውቅ ልጅ ቅነሳውን ትቶ ሊፍት ምን እንደሆነ ያሰላስላል። ሌላው ሲሠራ እሱ ገና ጥያቄው ውስጥ አልገባም። ዕቅዱን ስትጨርሱ ምሳሌዎቹን እንደገና አንብቡና "ይህን ለመረዳት ምን ዓይነት ኑሮ መኖር ያስፈልጋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ምሳሌውን ማውጣት ላያስፈልግ ይችላል፤ አንድ ትንሽ ሥዕልና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሊበቃ ይችላል። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጥያቄ እንዲያወጡ ማድረግ ነው። አንድን ልጅ ግን የመጣበት ማኅበረሰብ ተወካይ አድርጋችሁ "እናንተ ጋ እንዴት ነው?" ብላችሁ አታስቁሙት። በፈቃዱ ካመጣው እሰየው።

የቤት ሥራም እንዲሁ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ኢንተርኔትና የሚያስረዳ ወላጅ አለ ብሎ የሚገምት የቤት ሥራ የሚፈትነው ቤቱን ነው። ብቻውን ሊሠራው የሚችለውን ልምምድ ወደ ቤት ላኩ፤ አዲሱ ሐሳብ ክፍል ውስጥ ይቅር።

ከሰሌዳ አሳስቶ ይገለብጣል፣ ትእዛዝ ይረሳል

"ረባሽ" ከማለታችሁ በፊት በደንብ የሚያይና የሚሰማ መሆኑን አረጋግጡ። ወንበሩን ቀይሩለትና ለጥቂት ቀናት ተመልከቱት። ቀይና አረንጓዴ ጠመኔን ብቻ እየለያችሁ አታስረዱ፤ ቀለም የመለየት ችግር በተለይ በወንዶች ላይ የተለመደ ነው፣ ከቀለሙ ጋር መስመር ወይም ፊደል ጨምሩበት። አራት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ከሰጣችሁ ደግሞ ብዙዎቹ ከፊሉን ይረሱታል። ሰሌዳ ላይ በቁጥር ጻፉት። ማንበብ የሚከብደው ልጅ በቃል ይመልስላችሁ። ችግሩ ከቀጠለ ስም አትለጥፉበት፤ ያያችሁትን መዝግባችሁ ለወላጅና ለልዩ ፍላጎት ባለሙያ አሳዩ።

ሦስት ዕቅድ ጽፌ አለቅሁ፣ ለውጡ ግን የለም

ይህ የትጉህ መምህር ችግር ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተማሪዎችን "በማየት የሚማር፣ በመስማት የሚማር፣ በመንካት የሚማር" ብሎ መከፋፈል ነው። ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናቶቹን ገምግመው ትምህርትን በዚህ ክፍፍል ማዘጋጀቱን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ሥዕሉና ቃሉ አንድ ላይ ለሁሉም ይቅረብ፤ ድካማችሁንም በክፍፍሉ ላይ አታባክኑት።

አንድ ዕቅድ ይበቃል። ልዩነቱ የሚገባው በድጋፉ መጠን ነው። ገና ለጀመረው ሙሉ በሙሉ የተሠራ ምሳሌ፣ ትንሽ ለገፋው የመጨረሻው እርምጃ የጎደለው ምሳሌ፣ ለገባው ጥያቄው ብቻ። ሦስቱም በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራሉ። ምድቡ ግን ቋሚ አይሁን። "የደካሞች ጠረጴዛ" የሚባል ነገር ከተፈጠረ ልጆቹ ስሙን ከእናንተ በፊት ያውቁታል። በክፍልፋይ ድጋፍ የፈለገ ልጅ በጂኦሜትሪ ቀዳሚ ሊሆን ስለሚችል በየርዕሱ ከቁራጭ ወረቀቱ ተነስታችሁ እንደገና መድቡ። ድጋፉንም በጊዜ አንሱ። የተሠራው ምሳሌ ከፊቱ ካልተነሳ ልጁ ማየት ይለምዳል፣ መሥራት አይለምድም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ድጋፍ ጎን የሚነሳበትን ቀን ዕቅዱ ላይ አስፍሩ።