የአሜሪካ ኮሌጅ የሴቶች ጎልፍ አሰልጣኝ መሆን ለምትፈልጉ፦ ከአራተኛዋ ጀምሩ

በኮሌጅ ጎልፍ ከአንድ ቡድን አምስት ልጆች ይጫወታሉ፤ የሚደመረው ግን የአራቱ ውጤት ብቻ ነው። የከፋው ይጣላል። ይህ በየዙሩ ይደገማል፤ ዛሬ ውጤቷ የተጣለባት ልጅ ነገ ቡድኑን ልታድን ትችላለች። በጎልፍ የሚያሸንፈው ትንሽ ምት ነውና ኮከባችሁ በ68 ብትጨርስ ደስ ይላል። ቡድኑን የሚያነሳውም የሚጥለውም ግን አራተኛዋ 74 መታች ወይስ 80 የሚለው ነው። እኔ የማደንቃቸው አሰልጣኞች ሁሉ ጉልበታቸውን የሚያፈሱት እሷ ላይ ነው።

የመግቢያው በር ረዳት አሰልጣኝነት ነው። ቫን ትነዳላችሁ፣ ሆቴል ትይዛላችሁ፣ ምሳ ታከፋፍላላችሁ። እባካችሁ ይህን ሥራ አትናቁት። ከመጥፎ ዙር በኋላ ማን ዝም እንደምትል፣ ማን እንደምታወራ የሚታወቀው ቫኑ ውስጥ ነው። አን ዎከርን ተመልከቱ። ከስኮትላንድ መጥታ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተጫወተች፣ እዚያው ረዳት ሆነች፣ ከዚያ ዩሲ ዴቪስ ሄዳ ዋና አሰልጣኝነትን ሠራችበት። ስታንፎርድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ2015፣ በ2022 እና በ2024 የኤንሲዳብልኤ (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) ዋንጫ ወሰደች። ትልቁን ስም ከመጠበቅ፣ ውሳኔው የእናንተ የሆነበትን ቡድን ቶሎ ያዙ።

ምልመላ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ግማሹ ሥራ እሱ ነው። በዲቪዥን አንድ (በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ሕግ አንዲት ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳ ጁን 15 እስኪደርስ ድረስ ስለ ምልመላ ልታናግሯት አትችሉም። ሄዶ ማየት ግን ይቻላል። ስለዚህ እዩ። ስዊንጓ (የዱላ አወዛወዟ) ቆንጆ መሆኑን ማንም ያየዋል። እኔ የማየው ደብል ቦጊ (ለጉድጓዱ ከተመደበው ሁለት ምት በላይ) ከመታች በኋላ እስከሚቀጥለው ቲ (የመምቻ መነሻ) ያለውን መንገድ ነው። ፍጥነቷ ተቀየረ? ጓንቷን በንዴት ነቀለችው? ውጤቱ ሲበላሽ ለአባቷ እንዴት መለሰችለት? ቤተሰቧን በዚያ ሰዓት የምታከብር ልጅ የቡድን ጓደኞቿንም ታከብራለች፤ እስካሁን ይህ ምልክት አታሎኝ አያውቅም።

ድሮ ለሴቶች ጎልፍ የሚፈቀደው 6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር። ከ2025 ጀምሮ ግን የሃውስ ስምምነት (ኮሌጆች ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉ የፈቀደው የፍርድ ቤት ስምምነት) ውስጥ የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገድባቸው የተጫዋች ብዛት ነው፤ 9። ዘጠኝ ልጆች ካሏችሁና አምስት ከተጓዙ፣ አራቱ ካምፓስ ይቀራሉ ማለት ነው። የቀሩት ምን እየተሰማቸው እንደሆነ ካላወቃችሁ ወቅቱ ሳያልቅ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። መፍትሔው የምርጫ ሕጋችሁን ገና ሳይጀመር በጽሑፍ መስጠት ነው። ለምሳሌ ሦስቱ በቅርብ ውድድሮች ውጤት፣ አራተኛዋ በማጣሪያ፣ አምስተኛዋ በአሰልጣኝ ውሳኔ። ከዚያ አትንኩት። ለሚወዷት ልጅ ሲባል አንድ ጊዜ የታጠፈ ሕግ ዓመቱን ሙሉ ይወራል።

በውድድር ወቅት የልምምድ ጊዜ ገደብ አለው፤ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን 4፣ አንድ ቀን ደግሞ እረፍት። ይህን ጊዜ ስዊንግ በመቀየር አታባክኑት። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የራሳቸው የስዊንግ አሰልጣኝ አላቸው። እናንተ ከ100 ያርድ በታች ያለውን ያዙ። የምወደው ልምምድ ይኸው፦ ዘጠኝ ቦታ ምረጡ፤ አንዱ ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ)፣ አንዱ ረጅም ሣር፣ አንዱ ቁልቁለት፣ ሌላው ለጥ ያለ 60 ያርድ። በየቦታው አንድ ኳስ ብቻ ይመታል፤ ከዚያ ኳሱ ካረፈበት በፓት (ወደ ጉድጓዱ በማንከባለል) ይጨረሳል። መድገም የለም። አንድ ቦታ ቆሞ ሃምሳ ኳስ መምታት እጅን ያሞቃል እንጂ ውጤት አያወርድም።

ኮሌጅ ላይ አሰልጣኝ በጨዋታ መሃል ምክር መስጠት ይፈቀድለታል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። እኔ ኮከቧን ተከትዬ አልሄድም፤ ከባዱ የፓር 3 (ሦስት ምት የተመደበለት) ጉድጓድ ላይ እቆማለሁ። ከግሪኑ (ጉድጓዱ ካለበት ለስላሳ ሣር) ፊት ለፊት ውሃ አለ፣ ባንዲራው ግራ ጥግ ላይ ነው፣ ነፋሱ ከፊት ነው፣ ልጅቷ በ6 እና በ7 አይረን ዱላ መሃል ተወዛግባለች፤ 6 ይበልጥ ያርቃል። ዱላውን ቀድሜ አልመርጥላትም። «የቱ ጋ ብትስቺ ይሻልሻል?» እላታለሁ። «ከግሪኑ ጀርባ» ትላለች። «እንግዲያው ስድስትን ያዥ፣ መሃሉን አልሚ።» በቃ። ከዚህ በላይ ካወራችሁ የእናንተ ጭንቀት ወደ እጇ ይገባል።

የውድድር ፕሮግራማችሁንም ተጠንቀቁ። በ2021 ባተን ሩዥ ላይ የተዘጋጀው የክልል ማጣሪያ በዝናብ ምክንያት አንድም ዙር ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ፤ ወደ ፍጻሜው ያለፉት በደረጃ ቀዳሚ የነበሩት ስድስት ቡድኖች ናቸው። የመኸሩ ውድድር ውጤትም ደረጃው ውስጥ ይገባል፤ እንደ ማሟሟቂያ የሚታያችሁ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

ዋንጫ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ኤሚሊ ፍሌቸር በ2017 ፍጻሜ ደርሳ በአሪዞና ስቴት ተሸነፈች፤ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ የሴቶች ጎልፍ ዋንጫ ያገኘችው በ2025 ስታንፎርድን በአምስት የአንድ ለአንድ ጨዋታዎች 3 ለ 2 አሸንፋ ነው። በመሃል ያሉትን ዓመታት የሚታገስ አለቃ ያስፈልጋችኋል።

ስለዚህ ለዋና አሰልጣኝነት ቃለ መጠይቅ ስትጠሩ እናንተም ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ሜዳ አለው ወይስ ከክለብ ጋር ነው የሚሠራው? ክለቡ ለቡድኑ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይፈቅዳል? አባላቱ በሚበዙበት ቀንስ? በብርዱ ወራት የት ትለማመዳላችሁ? የረዳቱ ደሞዝ በጀት ውስጥ ገብቷል? መልሱን ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ።