ደሴ ላይ የግል ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት ፈቃዱን እንዴት ታጣራላችሁ?

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ የግል ኮሌጅ ለመግባት ካሰባችሁ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት የዕውቅና ፈቃዱን ጠይቁ። ቁጥጥሩን በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ሲሠራው ቆይቶ፣ ዛሬ የያዘው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። ለትምህርት መስኩ፣ ለደረጃው፣ ለካምፓሱ፣ ለመደበኛው ወይም ለርቀቱ ተለይቶ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ግቢ በአካውንቲንግ ዲግሪ ስለተፈቀደለት ደሴ የተከፈተው ቅርንጫፍ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። የሌቭል (የቴክኒክና ሙያ ደረጃ) ፈቃድም ዲግሪ ለማስተማር አያበቃም።

ስለዚህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ጠጋ ብላችሁ አንብቡት፤ መስኩን፣ ካምፓሱን፣ በተለይ ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን። ፎቶ አንሱትና ባለሥልጣኑ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር አስተያዩት። «በሂደት ላይ ነው» ካሏችሁ ፈቃድ የለም ማለት ነው፤ የመመዝገቢያ እንኳ አትክፈሉ። ስትከፍሉም ደረሰኙ ላይ የመስኩ ስም በትክክል ይጻፍ።

ከቴክኒክና ሙያ ተነስታችሁ ዲግሪ የምትጀምሩ ከሆነ የሌቭል 4 ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ) ቀድሞ በእጃችሁ ይኑር። ያለ እሱ የሚመዘግብ አይጠፋም፤ ግን ማስረጃው በኋላ ሲጣራ ይወድቃል፣ የዓመታት ልፋትም አብሮ ይቀራል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ስለሆነ፣ የኮሌጁ ተማሪዎች በመስካችሁ ስንት ተፈትነው ስንት እንዳለፉ ጠይቁ።