የግቢ አትክልትን ሲያሳዩና ሲያካፍሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቀትር ፎቶ ማንሳት። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነጭ አበባ ይነጣና መስመሮቹ ይጠፋሉ፣ ቅጠል ያብረቀርቃል፣ ጥላው ይጠቁራል። ፀሐይ እንደወጣች ባለው አንድ ሰዓት ወይም ልትጠልቅ ስትል ያንሱ። ደመናማ ቀን ከሆነ ሰዓት መምረጥም አያስፈልግም።

ቦታ እየቀያየሩ ማንሳት። ወቅት ሲለወጥ ግቢው እንዴት እንደሚለወጥ ማሳየት ከፈለጉ መቆሚያዎን በድንጋይ ምልክት ያድርጉበት። ስልኩን ሁልጊዜ በደረት ከፍታ ይዘው፣ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር (የአጥር ጥግ ወይም ዛፍ) በፎቶው ዳር አስገብተው በየወሩ ያንሱ። አበባ የሌለበትን ወር ብዙዎች ይዘሉታል፤ ለቀጣዩ ተከላ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው፣ ክፍተቱ ያኔ ይታያልና።

አበባ የያዘውን ቅርንጫፍ ቆርጦ መስጠት። እንግዳ የሚጠይቀው ያማረውን ነው፤ ያ ቅርንጫፍ ግን ምግቡን ለአበባው ስለሚያውል ሥር ለማውጣት ይዘገያል። ያላበበና ጤናማ የሆነውን ይምረጡ፦ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው። በማለዳ፣ ተክሉ ውሃ እንደጠገበ፣ በተሳለ መቀስ ከአንጓው ሥር ይቁረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፈው በእርጥብ ወረቀት ይጠቅልሉና በፕላስቲክ ከረጢት ያድርጉት፤ ከረጢቱ ፀሐይ ላይ ከቆየ ግን ቁራጩ ይቀቀላል። ቁልቋልና ሌሎች ውሃ አዘል ተክሎች በተቃራኒው እርጥበት አይፈልጉም። ቁስላቸው እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ካልቆዩ ይበሰብሳሉ።

ተባይ አብሮ ማደል። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ የሚደበቁት ከቅጠሉ ጀርባ ነው፤ ገልብጠው ሳያዩ አይስጡ። መቀሱን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄዱ በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉት። ተቀባዩም ቢሆን አዲሱን ተክል ከነባሮቹ ለይቶ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቢያቆየው ይሻላል። የተባይ እንቁላል የሚፈለፈለው ዘግይቶ ነው።

ከዲቃላ ተክል የተሰበሰበ ዘር ማካፈል። የሚበቅለው እናቱን አይመስልም፤ ተቀባዩም ጥፋቱን ከራሱ አፈር ይቆጥረዋል። ዲቃላ ያልሆነውን ተክል ዘር በደንብ አድርቀው በወረቀት ፖስታ ያሽጉ፣ ስሙንና የተሰበሰበበትን ዓመት ይጻፉበት። ዓመተ ምሕረቱ ትንሽ ነገር አይደለም፦ የቲማቲም ዘር በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ሲቆይ የሽንኩርት ዘር ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የመብቀል አቅሙ ይዳከማል።

ናናን ያለ ማስጠንቀቂያ መስጠት። በመሬት ውስጥ በሚሄድ ግንዱ መደቡን ሁሉ ይወርሳል። በማሰሮ ወይም በባልዲ እንዲተክሉት አስቀድመው ይንገሩ።

ከዝናብ በኋላ እንግዳን መደብ ውስጥ ማስገባት። እርጥብ አፈር ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፣ አየርና ውሃም ሥሩ ዘንድ አይደርስም። አንድ ጭብጥ አፈር ጨብጠው ይፈትኑ፤ በጣት ሲነካ ካልፈረሰና እንደ ድቡልቡል ከቀረ ጉብኝቱ በመተላለፊያው ላይ ብቻ ይሁን። መተላለፊያ ከሌለ ሰፋ ያለ ጣውላ ያንጥፉ፤ ክብደቱን ይበትነዋል።